ከታች የሚመጣው ድምፅ፦ የእናንተ ቤዚስት ማነው? ያለፉትንስ እንዴት ሸኛችሁ?

የከዚራ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ውይይት የከፈትኩት ልቤ ስለከበደኝ ነው።

ቤዝ ጊታር ያስተማረኝ ሰው ካረፈ ባለፈው ሐሙስ አርባ ቀን ሞላው። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ በየቦታው እንዲነሳ አይፈልግም። ከዚራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አምፕና ሬዲዮ ይጠግን ነበር። በወጣትነቱ በሠርግና በሆቴል ባንዶች ቤዝ ተጫውቷል። እኛ "ጋሼ" ነበር የምንለው።

የአርባው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤቱ ተቀምጠን ሳለ ሴት ልጁ አንድ የድሮ ካሴት ከፈተች። እሱ የተጫወተበት የሠርግ ቅጂ ነው። ቴፑ ተበልቷል። ዘፋኙ በቅጡ አይሰማም፣ ኦርጋኑ ይንጫጫል። ቤዙ ግን ቁልጭ ብሎ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ባለቤቱ እትዬ "ይኸው እሱ" አሉ። ከዚያ በላይ ማንም አልተናገረም።

መጀመሪያ ልማር የሄድኩ ቀን ጊታር አላስነካኝም። አንድ ዘፈን አጫወተና የቴፑን የቤዝ ቁልፍ ወደ ዜሮ አዞረው። "ምን ጎደለ?" አለኝ። ዘፈኑ ያው ነው፣ ግጥሙ አለ፣ ዜማው አለ። ግን መሬቱን ከስሩ የወሰዱበት ይመስላል። ቁልፉን ሲመልሰው ደረቴ ላይ ተሰማኝ። "ሰው ይሄን የሚያውቀው ሲጠፋ ነው፤ አንተ ሳይጠፋ እወቀው" አለኝ።

የኔ ቤዚስት የዘ ሁ ባንዱ ጆን ኤንትዊስል ነው። ያስተዋወቀኝም ጋሼ ነው፣ በድሮው ባቡር ከጅቡቲ በመጣ ካሴት። በዚያ ባንድ ውስጥ ፒት ታውንሸንድ ጊታሩን ይሰብራል። ኪት ሙን ከበሮውን ይገለብጣል። ዘፋኙ ማይኩን በገመዱ እያሽከረከረ ይወረውራል። ኤንትዊስል አንድ ቦታ ይቆማል። ፊቱ አይነቃነቅም፣ ጣቶቹ ግን ከፍጥነታቸው የተነሳ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት በጣም የታወቀ ዘፈናቸው ውስጥ ሶሎ የሚወስደው ጊታር ሳይሆን ቤዝ ነው። በዚያ ዘመን ይሄ ያልተለመደ ነገር ነበር።

ያረፈው እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2002 ላስ ቬጋስ ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ነው። የአሜሪካ ጉዟቸው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው። 57 ዓመቱ ነበር። ጋሼ ወሬውን ሲሰማ ሁለት ቀን ሱቁን አልከፈተም። እኔ ልጅ ነበርኩና ግራ ገባኝ። አይቶት የማያውቀው የእንግሊዝ ሰው ነው፣ ምን አገናኛቸው አልኩ። አሁን ገባኝ።

ቤዙን ለኔ ሰጥተውኛል። ወፍራሙ ክር ተበጥሷል፣ ሦስቱ አሉ። እስካሁን ሻንጣውን ከፍቼ አየዋለሁ እንጂ አልመታሁትም።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ። የማንን ቤዝ ትወዳላችሁ? ማን ሲሞት አለቀሳችሁ?


ደቻቱ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

አቦ፣ ነፍሱን ይማርልን። እናንተንም ያጽናችሁ። አውቀዋለሁ። የአጎቴን ሬዲዮ ሠርቶ ገንዘብ አልቀበልም ያለ ሰው ነው።

የኔ ሰው ክሊፍ በርተን ነው፣ የሜታል ባንዱ የሜታሊካ ቤዚስት። ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። እኔ ዛሬ በ11 ዓመት እበልጠዋለሁ፣ ግን እስካሁን እንደ ታላቅ ወንድም ነው የማስበው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986 ስዊድን ውስጥ ሌሊት ሲጓዙ አውቶቡሳቸው ተገለበጠ። ከመተኛታቸው በፊት ማን የትኛውን አልጋ ይውሰድ ብለው ካርታ ስበው ነበር ይባላል። ለክሊፍ ወጣለት፣ የጊታሪስታቸውን የኪርክ ሃሜትን አልጋ መረጠ። እዚያው አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ነው አደጋው የደረሰው። ይሄን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በፒክ (በክር መምቻ ቁራጭ) አይጫወትም ነበር፣ በጣቱ ነው። ሌሎች ለሊድ ጊታር የሚያስቀምጡትን ዋዋና ዲስቶርሽን የሚባሉ ድምፅ ቀያሪዎች ቤዝ ላይ ገጠመው። በ1983ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ከድራም በቀር ማንም የማያጅበው ሙሉ የቤዝ ቁራጭ አለው። ብዙ ሰው ጊታር ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ጊታር ይመስለኝ ነበር። የባኽን ሙዚቃ የሚወድ፣ ቲዎሪ የተማረ ልጅ ነበር። ሁለት ጊታሮች እንዴት ተስማምተው እንደሚሄዱ ለባንዱ ልጆች ያሳየው እሱ ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እሱ ከሞተ በኋላ በ1988 ያወጡትን አልበም ታውቁታላችሁ። ያን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት መብራት በጠፋበት ምሽት በጆሮ ማዳመጫ ነው። ቤዙን ፈለግኩት። የለም። ማዳመጫው ተበላሽቶ ነው ብዬ ነቅዬ ሰካሁት። የለም። አዲሱ ቤዚስት ጄሰን ኒውስቴድ ተጫውቷል፣ ግን ድምፁን አውርደውታል። ለኔ ያ አልበም ለቅሶ ቤት ነው። ሟቹ የሚቀመጥበት ወንበር ባዶውን ተትቷል፣ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈለጉም። ስሰማው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚታየኝ።


ሳቢያን 04 | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡31

ደቻቱ፣ ስሜትህ ይገባኛል። የድምፅ ሥራ ላይ ስለምውል ግን አንድ ነገር ልጨምር።

ቤዙን ያስወረዱት የባንዱ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ ሚክስ ያደረጉት ባለሙያዎች ደጋግመው ተናግረውታል። ሌላም ምክንያት አለ። ኒውስቴድ አብዛኛውን ቦታ የዘፋኛቸውን የሄትፊልድን ጊታር እየተከተለ ያንኑ ነው የመታው። የሄትፊልድ ጊታር ደግሞ ራሱ ወፍራም ነው፣ ከታች ያለውን ቦታ ይዞታል። ሁለት ሰው አንድ በር ላይ እኩል ሲገባ ትከሻው የሰፋው ነው የሚታየው። ቤዝ እንዲሰማ የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል።

ኒውስቴድ ያሳዝነኛል። ገና 23 ዓመቱ ነበር ባንዱ ውስጥ ሲገባ። የሚወደውን ሰው ቦታ ነው የተካው። እሱም እኮ ሐዘንተኛ ነበር።


ደቻቱ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡40

እውነትህን ነው። እሱን አስቤው አላውቅም ነበር።


የጀጎል ልጅ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እንደምን አደራችሁ፣ ከሐረር ነኝ። የከዚራ ልጅ፣ ፈጣሪ ያጽናህ ወንድሜ።

እኔ ቤዝ እመታለሁ። ሴት ነኝ፣ እና ጊታሬን በጀርባዬ ይዤ በፈረስ መጋላ ሳልፍ እስካሁን ዞሮ የማያይ የለም። ስጀምር "ለማን ነው የያዝሽለት?" ይሉኝ ነበር። "ለራሴ" እላለሁ። አሁን ለምደውኛል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምጠራው ካሮል ኬይን ነው። በ1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቅጂዎች ላይ ተጫውታለች። ጊታሪስት ነበረች። አንድ ቀን የተቀጠረው ቤዚስት ሲቀር ቤዙን ያዘች፣ ከዚያ ወዲያ ቤዝ ሆነች። ቢች ቦይስን የምትወዱ ከሆነ ሳታውቋት ሰምታችኋታል።

ሁለተኛው ጄምስ ጀመርሰን ነው። የሞታውን፣ የአሜሪካው የሶል ሙዚቃ ኩባንያ፣ ሰው ነው፤ ሮክ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ግን ፖል ማካርትኒን ጨምሮ የሮክ ቤዚስቶች ማንን እንደሰሙ ሲጠየቁ እሱን ይጠራሉ። በቀኝ እጁ በአንዲት ጣት፣ በጠቋሚው ብቻ ነበር የሚመታው። የ1962 ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዙን ክር ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር። ያ ሁሉ ዘፈን ዓለምን ሲዞር ስሙ ሸክላው ላይ አይጻፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሞታውን አልበም ላይ ስሙ በግልጽ የታተመው በ1971 ነው። በ1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት ሲከበር መድረክ ላይ አልነበረም፣ እንደማንኛውም ተመልካች ነው የታደመው። በዚያው ዓመት ኦገስት 2 ቀን በ47 ዓመቱ አረፈ። ቤዙም ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ተሰርቆ ነበር።

ይሄን ሳነብ የኛ ካሴቶች ትዝ አሉኝ። እናቴ የካሴት ካርቶን ሙሉ አላት። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፣ "ከሮሃ ባንድ ጋር" ይላል። እሰየው፣ የባንዱ ስም አለ። ግን ማን ቤዝ እንደመታ ለማወቅ ስንት ሰው መጠየቅ ነበረብኝ! ጆቫኒ ሪኮ። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ቤዚስት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ስንት ሠርግ ላይ የጨፈርነው በሱ ጣት ነው። አይቤክሶች እ.ኤ.አ. በ1976 የቀዱት በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ አለ፣ ፈልጋችሁ ስሙት። ዘፋኝ የለም። ቤዙ ይዘፍናል። የዋልያስ ባንድን "ሙዚቃዊ ስልት" የሚለውን ሙዚቃም ጨምሩበት። ያንን ቤዝ መላኩ ገብሬ ነው የመታው። መጀመሪያው ላይ ቤዙ ያንኑ ሐረግ ሲደጋግም አንገታችሁ ሳታዙት ይነቃነቃል። ሮክ ማለት ይሄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እነዚህን ስሞች ሰው በሕይወት ሳለ ነው መጥራት ያለብን። ጋሼን ስንቶቻችን በሕይወት ሳለ "አንተ ነህ ያጨፈርከን" አልነው?


ታይዋን ተራ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡45

ሌሚ። ሌላ የምለው የለም።

እሺ ትንሽ ልበል። የሞተርሄዱ ሌሚ ጊታሪስት ነበር፣ ቤዝ የያዘው ሆክዊንድ ባንድ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቤዙን እንደ ጊታር መታው። ኮርድ እየያዘ፣ በፒክ፣ ሪከንባከር ቤዙን በማርሻል አምፕ እስከ ጥግ ከፍቶ። ማይኩን ደግሞ ከራሱ በላይ አድርጎ ወደ ሰማይ አንጋጦ ይዘፍናል። ከዚያ በፊት የጂሚ ሄንድሪክስን ዕቃ ይሸከም ነበር። ከታች ጀምሮ ነው የመጣው።

ዲሴምበር 24 ቀን 2015 70 ዓመት ሞላው። ከሁለት ቀን በኋላ ካንሰር እንዳለበት ነገሩት። ዲሴምበር 28 ቀን አለፈ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2016፣ ዴቪድ ቦዊ ተከተለ። ያን ሰሞን ሱቅ ተቀምጬ ስልኬን መክፈት ፈርቼ ነበር፣ ወላሂ።


አቦ ድሬ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

እኔ ከሮክ ትንሽ ልውጣ፣ አትቆጡኝ። አስቶን ባሬት። "ፋሚሊ ማን"። የቦብ ማርሊ ባንድ የዌይለርስ ቤዚስት። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2024 በ77 ዓመቱ አረፈ።

በዚህ አገር ቦብ ማርሊን የማያውቅ ባጃጅ ነጂ የለም። ግን ባጃጁ ውስጥ ከኋላ ወንበር ስር ያለው ዉፈር የሚያንቀጠቅጠው የቦብን ድምፅ አይደለም፣ የባሬትን ቤዝ ነው። የመጀመሪያ ቤዙን በእጁ ከእንጨት ሠርቶ ነው የጀመረው። ወንድሙ ካርልተን ድራም ላይ ነበር፣ በ1987 ተገደለ። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ላይ ሲመቱ አንድ ሰው የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ሌላውን የሬጌ ቤዚስት ሮቢ ሼክስፒርንም ያስተማረው እሱ ነው። ሮቢም በዲሴምበር 2021 አለፈ። መምህሩ ተማሪውን ቀበረ ማለት ነው።


ሮክ ብቻ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡22

ባሬትን አከብራለሁ። ግን ርዕሱ ሮክ ነው። እንዲህ ከሰፋ ነገ ስለ ጉራጊኛ ልናወራ ነው።


የከዚራ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሮክ ብቻ፣ ወንድሜ፣ ይስፋ። ስለ ጉራጊኛም ቢወራ ደስ ይለኛል፣ እዚያ ውስጥ ያለው ቤዝ ቀላል አይደለም።

ጋሼ ለሮክ ተማሪዎቹ ሁሉ ሬጌ ያስጠና ነበር። ምክንያት ነበረው። ሮክ ውስጥ ቤዝ አንደኛውን ምት አጥብቆ ይይዛል። ሬጌ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንደኛው ምት ባዶ ነው፣ ክብደቱ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ስሞክር እጄ አልታዘዝ አለ፣ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ይቸኩላል። "ተወው፣ አትንካው" ይለኝ ነበር። አንድ ወር ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ዘ ሁን ስመታ ራሱ የተለየ ሰው ሆንኩ። ኤንትዊስል ያን ሁሉ ኖታ የሚያፈሰው የት ዝም እንደሚል ስለሚያውቅ ነው።


የሸዋ በር አባት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጆቼ፣ ይህን የምትጻጻፉትን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፣ እኔም ልናገር አልኳት። የምላትን እየጻፈች ነው። የሐረር ሰው ነኝ።

በኛ ጊዜ ባንድ ማለት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ባንድ ነበር። ቤዝ ጊታር ሳይመጣ በፊት ትልቁን ኮንትራባስ ቆመው ነበር የሚመቱት። ኤሌክትሪኩ ቤዝ ሲመጣ ትንሽ መሆኑን አይተን ንቀነው ነበር። ድምፁ ሲወጣ ግን ደነገጥን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከታች የሚመጣ ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ከበገና ነው። አሥር አውታር አለው። በየአውታሩ ስር ቁራጭ ቆዳ ይገባል፣ እንዝራ ይባላል። አውታሩ ቆዳውን እየነካ ነው ያ የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ የሚወጣው። በዐቢይ ጾም አባቴ ሲደረድር መሬቱ ራሱ የሚያጉረመርም ይመስለኝ ነበር። የልጅ ልጄ ይህን ሌሚ የምትሉትን ሰው ስታሰማኝ ሳቅሁ። "ይሄማ በገና ነው፣ እንዝራው በዝቶበት ነው" አልኳት። ለናንተ አዲስ ነው፣ ለኔ ግን የቆየ ወዳጅ ነው።

ስለ ሐዘን ከሆነ እኔ የማስታውሰው የዓሊ ቢራን ነው። ድሬ ዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ ባንድ ጀምሮ፣ ክብር ዘበኛ ገብቶ፣ ዓለምን ዞሮ ሲያበቃ፣ በ2022 ኖቬምበር 6 ቀን አዳማ ላይ አረፈ። ተመልሶም ድሬ ተቀበረ። ያን ቀን ከሐረር ወርጄ ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው፣ ማን ቀረ? ቋንቋውን የማይሰማው ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። ሰው ተወልዶ ባደገበት አፈር እንዲህ ሲሸኝ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

የመምህራችሁን ነፍስ ይማር። ክሩን ግጠመው ልጄ። መሣሪያ ሲቀመጥ ይሞታል።


የከዚራ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንባዬን አመጡት። የልጅ ልጅዎንም አመሰግናለሁ።


ሳቢያን 04 | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

አባታችን ስለ በገናው ያሉት ልክ ነው፣ በድምፅ ሙያም ቢሆን። ከጆሮ ይልቅ ሰውነት የሚሰማው ድምፅ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። የስልክ ስፒከር ይሄን ማውጣት አይችልም። በስልክ የምትሰሙት ቤዝ ከሱ በላይ ያሉትን ድምፆች ነው፣ የቀረውን አእምሯችሁ ይሞላዋል። ስለዚህ እባካችሁ ክሊፍንም ጆቫኒንም በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ አትፍረዱ። ቢያንስ ደህና ማዳመጫ ፈልጉ።

ሌላ አንድ ነገር። ኤንትዊስል ጁን 27 ቀን 2002 እንዳረፈ ተጽፏል። የየስ ባንዱ ክሪስ ስኳየርም ጁን 27 ነው ያረፈው፣ በ2015። የክሪሙ ጃክ ብሩስ ኦክቶበር 25 ቀን 2014፣ የግሬትፉል ዴዱ ፊል ሌሽ በዚያው ቀን ልክ በአሥረኛው ዓመት፣ በ2024። አራቱም ቤዚስቶች። እኔ እነዚህን ሁለት ቀናት ሌላ ሥራ አልሠራባቸውም፣ እሰማቸዋለሁ።


ደቻቱ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡15

የብላክ ሳባዙን ዘፋኝ የኦዚን ነገር ማንም አላነሳም። ጁላይ 5 ቀን 2025 ብላክ ሳባዝ አራቱም የጥንቶቹ ተሰብስበው በተወለዱባት በበርሚንግሃም ተጫወቱ። ኦዚ መቆም አልቻለም፣ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። በ17ኛው ቀን፣ ጁላይ 22፣ አረፈ። ሕዝቡን ተሰናብቶ ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ዕድል ለስንቱ ይሰጣል?

ሁሉም ኦዚን ሲያይ እኔ ቤዚስቱን ጊዘር በትለርን ነበር የማየው። አብዛኛውን የሳባዝ ግጥም የጻፈው እሱ ቤዚስቱ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል። በኋላ ክሩ እንዲላላለት ብሎ ጊታሩን ወደ ታች ቃኘው። ጊዘርም አብሮት ወረደ። ሜታል የሚባለው ከባድ ድምፅ ከዚያ ጉዳት ነው የወጣው።

ኦክቶበር ላይ ደግሞ የሊምፕ ቢዝኪቱ ቤዚስት ሳም ሪቨርስ በ48 ዓመቱ ሄደ። ሃይስኩል ሳለን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የምንጮኸው በነሱ ነበር። ያ በጣም ቅርብ ሆነብኝ።


ገና ጀማሪ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10

ሰላም፣ 17 ዓመቴ ነው፣ ለገሃሬ ነው የምኖረው። ቤዝ መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? የክር ዋጋ ሰምቼ ደንግጫለሁ። የድሮ ክር መጠቀም ይቻላል?


የጀጎል ልጅ | ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡40

እንኳን ደህና መጣህ ወንድምዬ።

የድሮ ክር በደንብ ይሠራል። ጀመርሰንን አስታውስ። ድምፁ በጣም ከደፈነብህ አውጥተህ ውሃ ውስጥ አፍላው፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በደንብ አድርቀው። ላቡና ቆሻሻው ይወጣል። ለዘላለም አይደለም፣ ግን ወራት ያቆይሃል። እኔ ስንት ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ።

ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ነው። ስትጀምር የታወቁ ሪፎች (ተደጋጋሚ የዜማ ሐረጎች) ላይ አትሩጥ። ትዝታን ተማር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስት ኖታ ብቻ ናት። እናትህ ቤት ውስጥ የምታዜመውን ማንኛውንም የትዝታ ዘፈን ያዝና ከስር አጅባት። ጆሮህ ቀድሞ ስለሚያውቀው ጣትህ ብቻ ነው የሚማረው። ሮኩ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል፣ ብዙው የሮክ ሪፍም በአምስት ኖታ ነው የተሠራው።

የድሬን ሙቀት አትርሳ። እኔ ሐረር ቃኝቼ ደንገጎን ወርጄ ድሬ ስደርስ ክሬ ሁልጊዜ ወርዶ ነው የማገኘው። ብረት ሲሞቅ ይላላል። ጊታርህን ቆርቆሮ ስር ወይም መኪና ውስጥ አትተው፣ አንገቱ ይጣመማል። በመታህ ቁጥር ቃኝ። አትሰልች።


የከዚራ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ለገሃሬ ለኔ ቅርብ ነው። ና፣ አብረን እንጀምራለን። ገንዘብ አልቀበልም። ጋሼ ከኔ አልተቀበለም።


ታይዋን ተራ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

የከዚራ ልጅ፣ የአጎቴ ልጅ ከጅቡቲ ሐሙስ ይመጣል። ደውዬለታለሁ። የአራት ክር ቤዝ ሙሉ ጥቅል አግኝቷል። የሚፈለገው ወፍራሙ እንደሆነ ነግሬዋለሁ፣ ግን ሙሉውን ያመጣል። ስለ ዋጋ አታንሳብኝ። ስለ ጋሼ ነው።


አቦ ድሬ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

አላህ ይስጥህ አቦ። ከተገጠመ በኋላ ንገሩን።


ሮክ ብቻ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እሑድ የነገርኩትን እርሱት። ሁሉንም ሰማሁት፣ አይቤክስንም ባሬትንም። ደህና ማዳመጫ ተውሼ። አቦ ድሬ፣ ልክ ነህ።

ለጋሼ ሰማንያ የምትሰባሰቡ ከሆነ እኔ ስፒከር አለኝ፣ ትልቁ። አመጣለሁ።


የከዚራ ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡00

ደርሷል። ትናንት ማታ ታይዋን ተራ ራሱ ቤት ድረስ አመጣልኝ።

ዛሬ ከሥራ በኋላ ቤዙን ይዤ እነ ጋሼ ቤት ሄድኩ። እዚያ ልግጠመው ብዬ ነው። ሦስቱን አሮጌ ክሮች አልነካኋቸውም፣ ጣቱ ያለባቸው ናቸው። ወፍራሙን ብቻ ገጠምኩ። የእሱ አምፕ ጥግ ላይ እንዳለ አለ፣ ጨርቅ አልብሰውታል። ሴት ልጁ ጨርቁን አነሳችልኝ። ሰካሁት፣ ሠራ።

ቃኘሁና ክፍቱን ሚ አንዴ መታሁት። ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ጓዳ ነበሩ። እጃቸው ዱቄት እንደሆነ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁ።

"ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት።